ለፎቶ ብዬ የሞላሁት ሻንጣ

ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ከዚህ የምጀምረው ሌላው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው። እናቴን ስትሮክ መትቶ ግራ ጎኗን ከያዛት ወዲህ ደረጃውን የወረደችው ሐኪም ቤት ለመሄድ ብቻ ነው፤ ያውም የብሎኩ ጎረምሶች ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ "ቀስ! ቀስ!" እየተባባሉ ተሸክመዋት። እሷ ካልወረደች እኔም አልወርድም። ዳቦ ልግዛ ብዬ ብወጣ እንኳ ሱቁ ጋ ሳልደርስ ስልኬ ይጮኻል።

"የት ደረስሽ?"

"እማዬ፣ ገና ደረጃ ላይ ነኝ እኮ!"

"እሺ በቃ፣ ቶሎ በይ።"

ይኼ ነው ኑሮዬ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ወንድሜ አዳማ ነው ያለው፤ በየእሑዱ ይደውልና "አይዞሽ፣ በርቺ" ብሎኝ ይዘጋል። በርቺ! የሩጫ ውድድር ላይ ነኝ እንዴ?

እናቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ ስትነግድ የኖረች ሴት ናት። ድምጿ መንገድ ተሻግሮ ገዢ ያስቆም ነበር። ስትሮኩ እጅና እግሯን ሲይዝ ድምጿን አልነካውም፤ እሱን ለኔ ተወልኝ። አልጋዋ ሳሎን ውስጥ ከበሩ ትይዩ ነው፤ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ታያለች። ወጥቼ ስመለስ ዓይኗ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ደህና ሰው ቢሆን "ናፍቃኝ ነው" ብሎ ደስ ይለው ይሆናል። እኔን ግን ይጨንቀኝ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም።

የተማርኩት ሥዕል ነው። ድሮ አንድ ማስታወቂያ ቤት እሠራ ነበር፤ አሁን ቤቴ ተቀምጬ የሠርግ ፎቶ አሳምራለሁ። ፎቶ አንሺዎቹ በቴሌግራም ይልኩልኛል። የሙሽራዋን ብጉር አጠፋለሁ፣ የሚዜዎቹን ላብ አደርቃለሁ፣ ከኋላ ቆሞ አፉን የከፈተውን አጎት አወጣለሁ። እኔ ራሴ ሠርግ ከሄድኩ ስንት ጊዜዬ! የከተማውን ሙሽራ ፊት ግን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ። በዕለቱ ማን እንዳለቀሰች ሁሉ አውቃለሁ፣ ያበጠ ዓይን የማስተካክለው እኔ ነኝና።

መጽሐፉን የጀመርኩት ከንዴት ነው። ሌላ የሚያምር ምክንያት ልስጥ ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንድ ከሰዓት ሐይቅ ዳር የተነሡ ሙሽሮች መጡልኝ። ከኋላቸው ውሃው ሰፍቶ ተኝቷል፤ የኔ ሥራ ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ፌስታል ማጥፋት ነው። ፌስታሉን ሳጠፋ ቆየሁና "እኔስ?" አልኩ፣ ሳላውቀው ጮክ ብዬ።

"ምን አልሽ?" አለች እናቴ ከሳሎን።

"ምንም።"

በዚያው ሰሞን የሥዕል ልብ ወለድ ልሠራ ተነሣሁ። ከባዶ ወረቀት ተነሥቼ እንዳልስል ጊዜ የለኝም፤ መድኃኒት መስጠት፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ በመሃል ደግሞ የሰው ሙሽራ። ስለዚህ ሰው ፎቶ አነሣለሁ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን አወጣለሁ፣ የፊቱን መስመር አወፍራለሁ፣ ጥላውን በጥቁር እሞላለሁ፤ ሲያልቅ በብዕር የተሳለ ይመስላል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ጎረቤቴ ናት፣ ጎረቤቴም አይደለችም። ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንዲት ልጅ የታመመች እናት አለቻት፣ አንድ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ጎረቤቶቼ "ስለ ምንድነው?" ሲሉኝ "ስለ አንዲት ልጅ ነው" እላለሁ። የቷ ልጅ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላብራራሁም።

የልጅቷን አጎት የሆኑልኝ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። አክስቷን የሆነችልኝ ከሥራችን ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ የወሎ ሰው፣ እትዬ ነው የምላት፣ ስትስቅ ብሎኩ በሙሉ ይሰማታል። ጋሼ ፎቶ እንደምናነሣ በነገርኳቸው ቀን ከረባት አድርገው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መጡ።

"ጋሼ፣ ተናደው በሩን በርግደው ነው እኮ የሚገቡት። ከረባቱ ምን ያደርጋል?"

"ልጄ፣ ሰው ሲናደድ ልብሱን ያወልቃል እንዴ?"

ካሜራ ፊት ሲቆሙ ደግሞ ሌላ ጉድ። ሁለቱም እጃቸውን ጎናቸው ላይ ለጥፈው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ለመታወቂያ እንደሚነሣ ሰው ድርቅ ይላሉ። "ይቆጡ" ስላቸው ጋሼ ዓይናቸውን ብቻ ያፈጣሉ፤ እትዬ እሳቸውን አይታ በሳቅ ትሞታለች። መጨረሻ ላይ ዘዴ መጣልኝ። "ጋሼ፣ ትናንት ደረጃው ላይ ቆሻሻ የደፋው ታወቀ እንዴ?" አልኳቸው። አቤት! እጃቸው ተነሣ፣ ከረባታቸው ተጣመመ፣ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ፤ እኔ ዝም ብዬ ማንሣት ነው። መጽሐፉ ውስጥ አጎትየው "ቤተሰቡን አዋረድሽው!" ብሎ በሚጮኽበት ገጽ ላይ ጋሼ የሚናገሩት ስለ ሙዝ ልጣጭ ነው።

እናቴ ግን እምቢ አለች።

"አልጋ ላይ ያለሁትን ልታነሺኝ? ለለቅሶዬ የሚሆን ፎቶ ፈልገሽ ነው?"

"እማዬ፣ ለመጽሐፍ ነው። ሥዕል ይሆናል፣ ማንም አንቺ መሆንሽን አያውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስለዚህ የመጽሐፉ እናት ፊት የላትም። አንዳንዴ ትራስ ናት፣ አንዳንዴ የነጠላ ጫፍ፣ አንዳንዴ ከብርድ ልብሱ የወጣች እጅ። ተኝታ እያለች ነበር እጇን የማነሣው። ከአልጋው ላይ ልጅቷን ስትጠራ ንግግሯ ብቻ በገጹ ጠርዝ ብቅ ይላል። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ መሆኑ ሳይሻል አልቀረም፤ ፊቷ ቢኖርማ ልጅቷን ከዚያ ቤት አላስወጣትም ነበር።

ልጅቷን ሆና የምትነሣልኝ ሁለተኛ ፎቅ ያለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። መልኳ ለጥቁርና ነጭ የተፈጠረ ነው። ሹሩባ ተሠርታ፣ ሰፊ ሹራብ ለብሳ ገጾቹን ስንጨርስ ስንጨርስ የቀረን መውጫው ብቻ ሆነ፤ ሻንጣ ይዛ ደረጃውን የምትወርድበት። በቀጠሯችን ቀን በሩን ስከፍት ፀጉሯን ተቆርጣ፣ ተተኩሳ፣ ቀይ ቀለም ተቀብታ ቆማለች።

"እንዴ! ፀጉርሽ የት ሄደ?"

"የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነዋ! አላማረብኝም?"

አምሮባታል። ላንቃት ነበር። አንዲት ልጅ በአንድ ገጽ ሹሩባ፣ በሚቀጥለው ገጽ አጭር ፀጉር ሆና እንዴት ደረጃ ትወርዳለች? ሹሩባው እስኪመለስ ብጠብቅ ደግሞ ስንት ወር ሊሆን ነው። አሰብኩበትና የቀሩት ሥዕሎች ከጀርባ የሚነሡ ናቸው አልኩ፤ ጀርባ ደግሞ ጀርባ ነው። እትዬ ቁጭ ብላ ሹሩባ ሠራችኝ፣ የልጅቷን ሹራብ ተውሼ ለበስኩ፣ እና ልጅቷን እኔው ሆንኩ።

እዚህ ላይ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነበር። ሀዋሳ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የልጆች መጽሐፍ የሚሠራ ትንሽ የሥዕል ቤት ከፍታ "ነይ አብረን እንሥራ" ብላኝ ነበር። "ቦታሽን እስከ ፋሲካ እይዝልሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አልችልም፣ ሰው መቅጠሬ ነው" አለችኝ። "አስብበታለሁ" አልኳት። አስብበታለሁ ማለት አይሆንም ማለት መሆኑን እሷም እኔም እናውቃለን። ሆኖም ቁርጡን አልነገርኳትም። ፋሲካ እስኪመጣ ድረስ አንድ ያልተዘጋ ነገር እንዲኖረኝ ፈልጌ ነው መሰለኝ።

ያን ቀን እናቴ ምሳ በልታ እንቅልፍ ወሰዳት። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ባዶ ሻንጣ ፎቶ ላይ ባዶ መሆኑ ያስታውቃል፤ ክንድ አይጎትትም፣ ትከሻ አያዘነብልም። ስለዚህ ሞላሁት፤ እጄ ላይ የመጣልኝን ልብሴን ሁሉ ጠቀጠቅኩበት። በሩን ቀስ ብዬ ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ስልኬን የደረጃው ብረት ላይ በላስቲክ አስሬ፣ ራሱ እንዲያነሣ አድርጌ፣ እወርዳለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ፣ እንደገና እወርዳለሁ። እንዴት ጥሩ ነበር! ትከሻዬ የእውነት አዘነበለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስልኬ ሳይጠራ ደረጃ ስወርድ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሳላስበው ሦስተኛ ፎቅን አልፌ መውረድ ጀምሬ ነበር።

ይኼኔ ዚፑ ፈነዳ። ልብሴ ደረጃው ላይ ዘረገፍ አለ። እትዬ ድምፅ ሰምታ ወጣች። ጋሼ ደግሞ፣ የኔ ዕድል ሆኖ፣ ዳቦ ይዘው እየወጡ ነበር። የውስጥ ልብሴን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ለፎቶ ነው" አልኩ ማንም ሳይጠይቀኝ።

"እናውቃለን፣ አብሽሪ" አለች እትዬ፤ ሹራቤን አነሣች፣ ቀሚሴን አነሣች፣ ፎጣዬን ብድግ ስታደርገው ከውስጡ የጥርስ ብሩሼ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሣችው። አየችው፤ እኔን አየችኝ።

"ይኼስ?"

"ነገርኩሽ እኮ እትዬ፣ ለፎቶ ነው።"

"የጥርስ ብሩሽ ፎቶ ላይ ይታያል እንዴ?"

መቼ እንዳስገባሁት አላውቅም፤ ወላሂ ልበል? ፎጣውን መጠቅለሌ ትዝ ይለኛል፣ ብሩሹ ግን ትዝ አይለኝም። ጋሼ ቀስ ብለው ከግድግዳው ዞሩና "ልጄ!" አሉ። ዳቦአቸውን ይዘው ወጡ።

ቤት ስገባ እናቴ ነቅታለች። ያ ሁሉ ጫጫታ ደረጃው ላይ ሆኖ እሷ ሳትሰማ ልትቀር! ምንም አልጠየቀችኝም። ይኼ ነው ያስፈራኝ። እራት ሳቀርብላት "በልቻለሁ" አለች። ከኔ ሌላ ማን አብልቷት?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሌላ የእድራችንን ሽማግሌ አስከትለው፣ ከኋላቸው እትዬ አንገቷን ደፍታ ቆመዋል። ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ ስላቸው ግን "ቆመን ነው የምንነግርሽ" አሉ። ያኔ ገባኝ። እናትና ልጅ ሊያስታርቁ ነው የመጡት።

"ጋሼ፣ እኛ እኮ አልተጣላንም!"

"ያልተጣላ ሰው ሻንጣ ይዞ አይወርድም፣ ልጄ።"

"ለመጽሐፉ ነው! እርስዎም እኮ ተነሥተዋል!" አልኩና ስልኬን አውጥቼ ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። ሞኝነቴን አያችሁ? ሁለቱ ሽማግሌዎች መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ተመለከቷቸው። ሻንጣ ይዤ ስወርድ፣ ሻንጣ ይዤ ስወርድ፣ አሁንም ሻንጣ ይዤ ስወርድ።

"ይኸው!" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ። "ራሷ አንሥታዋለች!"

ጋሼ የራሳቸውን ሥዕል ሲያገኙ ለአፍታ ፈገግ ብለው "ከረባቱ ደህና ወጥቷል" አሉ፤ ወዲያው ኮስተር አሉ። "እሺ፣ ፎቶ ነው እንበል። የጥርስ ብሩሹስ?"

አሁንም ያ ብሩሽ! የማውቀውን ብናገር እኮ ደስ ባለኝ፤ የማላውቀውን ምን ልበል? ሁሉም ያዩኛል፣ እናቴ ብቻ በሩን ታያለች። ያ ዓይኗ በሩ ላይ መሆኑ ነው ያፈነዳኝ።

"አዎ! ሀዋሳ ሥራ አለኝ!" አልኩ። "ጓደኛዬ ጠርታኛለች! እስከ ፋሲካ እየጠበቀችኝ ነው! ሄድኩ? አልሄድኩም! ዳቦ ልግዛ ብዬ እንኳ የማልወጣ ሰው የት እሄዳለሁ? ታፍኛለሁ! እዚህ ቤት ታፍኛለሁ፣ ገባችሁ?"

እናቴ "መቼ ነው የጠራችሽ?" አለች ቀስ ብላ። እያለቀስኩ ነበር።

ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እበድላቸዋለሁ። አጠገቤ መጥተው ራሴን ዳበሱኝ። እናት አንድ ናት አሉ፣ ሥራ ግን ሁልጊዜ ይገኛል አሉ፣ ነገ ይቆጭሻል አሉ። ከዚያ እናቴ ጉልበት ሥር አስቀመጡኝ። "እናትሽ በሕይወት እስካለች ጥለሻት ላትሄጂ፣ ስለ ልደታ ብለሽ ቃል ግቢ።" እናቴ "ተዋት" አለች አንድ ጊዜ፤ የሰማት የለም፣ ወይም እንደ እናት ወግ ቆጠሩባት። እኔም ጉልበቷን ስሜ፣ "ስለ ልደታ፣ እናቴ በሕይወት እስካለች አልሄድም" አልኩ። ይኸው ሰላም ወረደ ብለው መርቀውን፣ አሁን ቁጭ ብለው፣ ለስላሳ ጠጥተው ሄዱ። የጓደኛዬ ስልክ ሲጠራ አላነሣሁም፤ ምን ብዬ?

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሰሞን ማስታወስ አልወድም። ድሮም የትም አልሄድም ነበር፤ ሆኖም ያኔ ያልሄድኩት እኔ ነኝ። አሁን በር ላይ የልደታ ስም ቆሟል። የከፋው ደግሞ የቃሉ አነጋገር ነው። እናትሽ በሕይወት እስካለች አሉኝ። እንግዲህ መውጫዬ በየት በኩል ሆነ? እናቴ ቀን ተኝታ ሳያት ቆሜ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። ለምን እንደማዳምጥ ሳስበው ራሴን ፈራሁት።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ወደ ሙሽሮቼ ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ብጉር አጠፋለሁ።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ጠዋት ፊቷን እያጠብኳት እናቴ "ያ መጽሐፍሽ አለቀ?" አለችኝ።

"አላለቀም። መጨረሻው ቀርቷል።"

"አሳዪኝ።"

ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አደረግኩላት። መነጽሯን ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ገጽ በገጽ አየችው። ምሳዋ እስኪደርስ ነው የፈጀባት። እትዬን ስታይ ሳቀች፤ ጋሼን ስታይ "ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጮኹት?" አለች። ስለ ሙዝ ልጣጩ ስነግራት ደህናው ጎኗ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። የሷ እጅ ያለበት ገጽ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች።

"ይቺ እኔ ነኝ።"

"አዎ።"

"ፊቴስ?"

"ራስሽ አይደለሽ እምቢ ያልሽው?"

እስከ መጨረሻው ሄደች፤ ልጅቷ ሻንጣ ይዛ ደረጃው ላይ። "ማነው የሸኛት?" አለችኝ።

"ማንም አልሸኛትም።"

"እናቷስ?"

"አልጋ ላይ ናት እማዬ፣ ታማለች እኮ።"

አቤት ቁጣ! "ምን ማለትሽ ነው? እኔ ቤት ገብቶ ሳይሸኝ የወጣ ሰው አለ? የወተት አመላላሿን እንኳ በር ድረስ ስሸኝ የኖርኩ ሰው፣ ልጄ ሻንጣ ይዛ ስትወጣ ጀርባዬን ሰጥቼ እተኛለሁ? እንደዚህ አድርገሽ ነው ለሰው የምታሳዪኝ?"

"እማዬ፣ ታሪክ ነው።"

"ታሪክ ከሆነ አስተካክዪው! ቆሜ እሸኛለሁ። እሑድ ጋሼንና እትዬሽን ጥሪያቸው።"

መቆም አትችልም። ይህንኑ ነገርኳት። "እነሱ ይይዙኛል፤ አንቺ ማጥፋቱን ታውቂበት የለ?" አለችኝ።

እሑድ ጋሼ በከረባታቸው መጡ። እትዬ እናቴን አጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ሱቅ ስትውል የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ አልብሳት ነበር። ስንት ጊዜ ያላየሁት ቀሚስ ነው፤ አሁን ሰፍቷታል። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ በብብቷ ገብተው ብድግ አደረጓት፣ በሩ ድረስም እያቆሙ አመጧት። እኔ ደረጃው አፋፍ ላይ ስልኬን ይዤ፣ ሻንጣዬን አጠገቤ አቁሜ ቆሜያለሁ። ዚፑን እትዬ ሰፍታልኛለች። በዚህኛው ጊዜ ግን የሞላሁት በብርድ ልብስ ነው፤ ልብሴን ድጋሚ የምነካ ሰው አይደለሁም።

እናቴ እንደ ጋሼ አገጯን ቀና አላደረገችም። ካሜራውን ትታ እኔን ነበር የምታየው።

"በሏ ጋሼ" አለች። "ይፍቷት።"

"ምን?"

"ያስማሏት እርስዎ አይደሉ? እርስዎ ይፍቷት።"

ጋሼ ግራ ገብቷቸው አየት አደረጉኝ። "ለፎቶው ነው?"

"ሻንጣው ለፎቶ ነው ስትል አላመናችኋትም፤ አሁን ደግሞ ፎቶ ሆነ?" አለች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። "እናትሽ በሕይወት እስካለች ብላችሁ ነው ያስማላችኋት። ልጄ ሞቴን እንድትጠብቅ አደረጋችኋት እኮ። ጥሩ ልጅ ናት፣ አትመኝም። ግን አንድ ቀን ሲመራት ታስበዋለች፣ እኔ ደግሞ ፊቷ ላይ አየዋለሁ። ከዚያ በፊት ይፍቷት።"

ለካ ታውቃለች፤ ለካ አልጋው አጠገብ ቆሜ ትንፋሿን ሳዳምጥ እሷም አልተኛችም። የምገባበት ጠፋኝ።

"ማን ያይሻል ታዲያ?" አልኳት፣ እንደ ሕፃን።

"እኔ" አለች እትዬ፣ እንባዋ እየወረደ እየሳቀች። "ቤቴ ጨለማ ነው፣ የመርፌ ቀዳዳ አይታየኝም። እዚህ መስኮቱ ሥር መኪናዬን አስገብቼ እሰፋለሁ። እኔና እናትሽ ነገሩን ተነጋግረን ከጨረስን ቆየን፣ አላህ ያግራልሽ።" የስፌት መኪናዋን ማለቷ ነው።

ጋሼ እናቴን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። "ወላጅ ካለች እኛ ማን ነን" አሉ በመጨረሻ። "በልደታ ፊት ፈትተንሻል፣ ልጄ። መንገድሽን ያቅናልሽ።" ለምርቃቱ እጃቸውን ሲያነሡ እናቴ አዘነበለች።

"ኧረ ይያዙኝ እንጂ ሰውዬ!"

ያኔ ነው ያነሣሁት። እናቴ አፏን ከፍታ፣ ጋሼ ደንግጠው፣ እትዬ በእንባ መሃል እየሳቀች። መቼም እንደዚያ ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም። መስመሩን አወፈርኩ፣ ጥላውን ሞላሁ፣ ፊቷን ግን ምንም አላሳመርኩትም። በብብቷ ሥር የሚታዩትን እጆች ማጥፋት ነበረብኝ፤ አላጠፋኋቸውም።

"በይ ውረጂ" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ ፎቶው አልቋል።"

"ውረጂ ስልሽ! ስትወርጂ ልይሽ።"

ብርድ ልብሱን የያዘ ሻንጣዬን አንሥቼ ወረድኩ። እንባዬ ደረጃውን ጋረደብኝ፤ አንድ እጄ ብረቱን ይዟል። ሦስተኛ ፎቅን አለፍኩ። የእትዬን በር፣ ልብሴ የተዘረገፈበትን ቦታ አለፍኩ። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ያ የተክለ ሃይማኖት ድምጿ ከላይ መጣ፤ ብሎኩ በሙሉ ሰምቶታል።

"የጥርስ ብሩሽሽን ይዘሻል?"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

"አልያዝኩም!"

"እንግዲያው ተመለሽና በደንብ ጠቅልዪ!"

ሻንጣዬን ይዤ ተመልሼ ወጣሁ።